አባይ ባንክ ላይ የተቀመጡት ልጆች

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ነው፤ ክሩን፣ ማለትም የጥያቄና መልስ ሰንሰለቱን፣ የከፈተው ደብረ ማርቆስ የሚያስተምር የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ለተማሪዎቹ አንድ አጭር አንቀጽ ወደ አማርኛ እንዲመልሱ ሰጥቷቸው ነበር። ልጆች አባይ ዳር ቁጭ ብለው ዓሣ ያጠምዳሉ፤ አንቀጹ ይኸው ነው። እንግሊዝኛው ግን ወንዝ ዳሩን «ባንክ» ይለዋል። አንድ ተማሪ ታዲያ ልጆቹን ሰብስቦ አባይ ባንክ ወስዶ አስቀመጣቸው። ዓሣ ማጥመዱን ዘሎ፣ በምትኩ ወረፋ ይጠብቃሉ ብሎ ጨርሶታል።

መምህሩ አልሳቀበትም። አባይ ባንክ የሚባል ባንክ እኮ አለ። ስሙን ታፔላ ላይ እያየ ያደገ ልጅ ሌላ ምን ሊመጣለት ይችላል? መምህሩን ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነው። ብር የምናስቀምጥበት ባንክና ወንዝ ዳር የሆነው ባንክ አንድ ቃል ናቸው? ወይስ ድምፃቸው በአጋጣሚ የገጠመ ሁለት ቃላት? ክፍል ውስጥ ተጠይቆ መልስ አጣ። መድረኩ ላይ ደግሞ የጎጃም ልጆች ሞልተዋል፤ አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ የቅኔ ተማሪው። እስቲ አግዙኝ አለ።

እኔ ክሩን ያገኘሁት 30 መልስ ካለፈ በኋላ ነው። ሁሉንም አልዘረዝርም። አንዳንዱ ሰላምታ ብቻ ነው፣ አንዳንዱም ሳቅ።

1ኛው መልስ ከባሕር ዳር መጣ። በረጅም ሰላምታ ጀምሮ፣ መምህሩን በእርስዎታ እያከበረ፣ ተማሪዎች ቃሉን ከዓረፍተ ነገሩ ጋር አያይዘው እንዲያነቡ መከረ። ምክሩ እውነት ነው። ጥያቄውን ግን አልነካውም። 2ኛው በዚህ በጣም ተስማማ።

3ኛው ሰው የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው። እሱ የተማሪውን ጥፋት ራሱም እንደሠራው አወራ። ልጅ እያለ ቤታቸው ሬዲዮ ይከፈታል። ዜናው ስለ ዌስት ባንክ ያወራል። ወታደር ገባበት፣ ድንጋይ ተወረወረበት፣ ሰው ሞተበት። ይሄ ባንክ ምን ያህል ብር ቢኖረው ነው በየቀኑ የሚጣሉበት እያለ አደገ። የዮርዳኖስ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ መሆኑን የተማረው ኋላ ካርታ ሲያይ ነው። እዚህ ላይ ክሩ ሞቅ አለ። ሦስት አራት ሰው እኔም እኔም አለ። አንዷ የደም ባንክንም አምጥታ ይሄስ ከየትኛው ወገን ነው ብላ ጠየቀች።

ክሩን ክር ያደረገው 5ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው ከዳንግላ ነው፤ መዝገበ ቃላት እንደ ልብ ወለድ የሚያነብ ዓይነት ሰው። ነገሩን ከሥሩ ጀመረው። በጥንቶቹ ጀርመናዊ ቋንቋዎች ከመሬት ከፍ ብሎ የተዘረጋን ነገር የሚጠራ ቃል ነበር። የአፈር ጉብታ ሊሆን ይችላል፤ ሰው የሚቀመጥበት አግዳሚም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ዛሬ አግዳሚ ወንበርን «ቤንች» የሚለው ከዚያው ቃል ነው። ጀርመናዊ ጎሳዎች ወደ ጣሊያን ሲወርዱ ቃሉ አብሯቸው ወረደ፤ በጣሊያንኛ «ባንካ» ሆነ። በመካከለኛው ዘመን የጣሊያን ከተሞች ገንዘብ መንዛሪዎች የሚሠሩት አግዳሚ ዘርግተው ነበር። ሳንቲሙ የሚቆጠረው እዚያ ላይ፣ ደንበኛው የሚመጣው ወደዚያው ነው። ከጊዜ በኋላ የአግዳሚው ስም ለሥራው ተረፈ፤ ከዚያም ሥራው ለሚሠራበት ቤት። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ እንግሊዝኛ ይህን ቃል ከጣሊያንኛና ከፈረንሳይኛ ወሰደው። ለንደን ውስጥ ሎምባርድ የሚባል መንገድ አለ፤ ስሙ የወጣው ከሰሜን ጣሊያን ሄደው እዚያ በሠሩ ገንዘብ ነጋዴዎች ነው።

ጥሩ ነበር። ብቻ የወንዙንም ባንክ ከጣሊያኖቹ ሻንጣ ውስጥ አብሮ ጨመረው።

6ኛው መልስ ያንን አረመ፤ በጨዋ ደንብ። የወንዝ ዳሩ ባንክ ጣሊያንን አላየም። ከስካንዲኔቪያ ሰዎች ጋር በሰሜን በኩል ነው እንግሊዝ የደረሰው። እንግሊዝኛ ውስጥም ከ800 ዓመት በላይ ኖሯል፤ የገንዘቡን ባንክ ከ200 ዓመት በላይ ይቀድመዋል። ስለዚህ ሁለቱ የአንድ አያት የልጅ ልጆች ናቸው። አንዱ በሰሜን፣ አንዱ በደቡብ ዞሮ እንግሊዝኛ ቤት ተገናኙ። የዳንግላው ሰው 7ኛው ላይ ተመልሶ አመሰገነ። ከራሱም ጨመረ። ጀርመንኛ እስከ ዛሬ አግዳሚውንም የገንዘብ ቤቱንም በአንድ ቃል «ባንክ» ይላል። የሚለያዩት ሲበዙ ነው፤ አግዳሚዎቹ «ቤንከ» ሲሆኑ የገንዘብ ቤቶቹ «ባንከን» ይሆናሉ።

የመምህሩ ጥያቄ እዚህ ላይ ተመልሷል ማለት ይቻላል። ክር ግን መልስ ስለተገኘ አይቆምም።

8ኛው የጤና ባለሙያ ነው። ስለ ደም ባንክ የተጠየቀውን መለሰ። ስሙን ያወጡት በርናርድ ፋንተስ የሚባሉ የቺካጎ ሐኪም ናቸው፤ ዘመኑ 1937 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። ደም ቀድሞ ይቀመጣል፣ ሲያስፈልግ ይወጣል። ስለዚህ ወገኑ ከብሩ ነው። አጭርና ግልጽ መልስ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው በየክሩ ቢኖር!

9ኛው የኪሳራን ጉዳይ አነሳ። እንግሊዝኛ ለከሰረ ሰው የሚለው «ባንክራፕት» ከጣሊያንኛው «ባንካ ሮታ» የመጣ ነው፤ የተሰበረ አግዳሚ ማለት ነው። ከዚያ የሚታወቀውን ታሪክ አስከተለ። መንዛሪው የሰው ገንዘብ መክፈል ሲያቅተው አግዳሚውን ገበያ መሐል አምጥተው ይሰብሩበት ነበር አለ። 10ኛው እዚህ ላይ ያዘው። ቃሉ ልክ ነው፤ ታሪኩ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። እኛስ ነጋዴ ሲከስር ወገቡ ተሰበረ እንል የለም? ማንም ዱላ ይዞ ወገቡን አልመታውም። እኔ ይሄን መልስ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። 11ኛው የሞጣ ሰው ነው፤ መሰበር ከተነሳ እኛም አለን ብሎ ሰባራ ድልድይን አመጣ። አባይ ላይ ጎጃምንና በጌምድርን የሚያገናኘው የድንጋይ ድልድይ መሐሉ ተቆርጦ፣ ሰው በገመድ እየተሳበ ይሻገር እንደነበር ተረከ። ከእንግሊዝኛው ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባኝም። ግን ማንም አልከለከለውም፤ እንዲያውም ፎቶ ተጠየቀ።

12ኛው ስለ «ባንኬት» ነው። የድግሱ ቃልም ከትንሽ አግዳሚ የመጣ ነው። አለፍነው።

13ኛው ላይ ክሩ አቅጣጫውን ሳተ፤ ለበጎ። ጸሐፊዋ ባሕር ዳር መጠጥ ቤት ያላት ሴት ናት። አግዳሚ አግዳሚ ስትሉ እኔ ከጠዋት እስከ ማታ የምቆመው ከምን ኋላ ይመስላችኋል አለች፤ ከባንኮኒ። ልክ ናት። ባንኮኒ ከጣሊያንኛው «ባንኮኔ» የመጣ ነው፤ ትልቅ አግዳሚ፣ ትልቅ ጠረጴዛ ማለት ነው። እንግዲህ ያ የጥንት ቃል ወደኛ አገር አንዴ በባንክ፣ አንዴ በባንኮኒ መጥቷል። አንዱ ብር ይሰጥሃል፣ ሌላው ይቀበልሃል ያለው 14ኛው ነው።

ከዚያ በኋላ አራት መልስ ሙሉ ጋራዥ ነው። ፍሬን፣ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ፣ ብሎን፤ አንዱ ሲያመጣ ሌላው ሲጨምር። አንድ የቡሬ መካኒክ ያለ ጣሊያንኛ አንድ መኪና አላስነሳም አለ። መምህሩ መሐል ገብቶ በትሕትና ወደ ጉዳያችን ብንመለስ አለ። ሰሚ አላገኘም።

ወደ ጉዳዩ የመለሰን ጠብ ነው። 19ኛው ላይ አንድ ሰው መጣ። እስከዚያ ድረስ የተጻፈውን ሁሉ የነጭ ተረት አለው። ባንክ የኛ ቃል ነው፤ ከግዕዝ፣ ከ«እንካ» የመጣ ነው። ሰውየው ገንዘቡን እንካ ብሎ ይሰጣል፣ «በእንካ» ይባላል፣ ፈረንጅ ሰምቶ «ባንክ» አለው። የዳንግላው ሰው 20ኛው ላይ ጠየቀው። የት ተጽፎ አገኙት? ከመቼ ወዲህ? በየትኛው መጽሐፍ? እስካሁን በእርስዎታ ነው። 21ኛው ላይ የእንካው ሰው የውጭ አምላኪ ብሎ መለሰለት። በ22ኛው መልስ እርስዎ የሚለው ቀርቶ አንተ ሆነ። ድምፅ ገጠመ ተብሎ ዝምድና አይቆጠርም፤ እንደዚያማ ከሆነ የአንተ ስም ራሱ ከቻይና ነው የመጣው ብሎ ጻፈለት። ሁለት መልስ ተሰርዟል፤ ምን እንደነበሩ መገመት አይከብድም።

23ኛው ጠቡን በቀልድ ለማብረድ ሞከረ። ባንክ ከ«እንካ» ሊመጣ አይችልም፤ እኔ የማውቀው ባንክ «አምጣ» ነው የሚለው አለ። 24ኛዋ ግን በቁም ነገር ጻፈች፤ እኔም ከሷ ጋር ነኝ። ግዕዝ እንዲህ ዓይነት ውለታ አያስፈልገውም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢዛና ዘመን ድንጋይ ላይ የተጻፈ ቋንቋ ነው። የእንግሊዝኛን ባንክ ከሱ ወለድኩ ማለት ክብሩን አይጨምርለትም። ኢንተርኔቱ በዚህ ዓይነት የቃል ዘር ቆጠራ ተጥለቅልቋል። ሰው ሁለት ድምፅ ሲገጥምለት ግኝት ይመስለዋል።

ከክሩ ሁሉ የወደድኩት 25ኛውን ነው። ዋሸራ ቅኔ የተማረ ሰው ነው የጻፈው። ሰዎች የኔታ ብለው ሊቀበሉት ሲሉ ገና ተማሪ ነኝ ብሎ መለሰ። እሱ የመምህሩን ጥያቄ ገልብጦ አየው። ቅኔ ቤት አንድ ቃል ሁለት ፍች ሲይዝ ህብር ይሉታል፤ ባለቅኔ የሚጫወተው በዚያ ነው። ግን ቃሉ ሁለት ፍች ያገኘበት መንገድ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። «ሳለ»ን አመጣ። ሥዕል ሳለ። ቢላ ሳለ። ጉንፋን የያዘው ሰው ሳለ። ለአማርኛ ጆሮ ሦስቱም አንድ ናቸው። በግዕዝ ግን የሥዕሉ ሠዐለ፣ የቢላው ሰሐለ፣ የጉንፋኑ ሰዐለ ነው። ሦስት የተለያዩ ቃላት ነበሩ። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲተው፣ ሁለቱን ሰ ደግሞ በድምፅ አንድ ሲያደርግ፣ ሦስቱ ተደፍጥጠው አንድ ሆኑ። ባንክ የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ የነበረው ሄዶ ሄዶ ተለያየ። «ሳለ» ግን የተለያየው መጥቶ መጥቶ ገጠመ። መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ሊያሳይህ ቁጥር ይደረድራል፤ 1፣ 2፣ 3። ተማሪው ሁለቱን መንገዶች በምን ይለያቸው?

ይሄ ነው ቁም ነገሩ። ትምህርት ቤት የቃል ፍች የተማርነው በዝርዝር ነው። ባንክ፦ አንድ፣ ገንዘብ ቤት፤ ሁለት፣ ወንዝ ዳር። ሸምድደህ ትገባለህ፣ ተፈትነህ ትረሳለህ። አግዳሚውን አንዴ ያየ ተማሪ ግን ሁለቱን መልሶ አያጣቸውም። መንዛሪው እዚያ ላይ ይቆጥራል፤ የወንዙም ዳር ከውሃው ከፍ ብሎ ተዘርግቷል። ወንዝ ዳሩን ለማስታወስ ሽምደዳ አያስፈልግም።

26ኛው የቅኔ ተማሪውን አመስግኖ የጸሎተ ሃይማኖትን ያህል ረዘመ። 27ኛዋ የቢቸና እናት ናቸው፤ ልጃቸው እየጻፈላቸው መሆኑን አስቀድመው ተናገሩ። አግዳሚ ፍለጋ ጣሊያን ድረስ መሄድ ለምን አስፈለገ አሉ። ቤታችን መደብ አለ። በጭቃ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የሚሠራው፣ ቀን የሚቀመጡበት ማታ የሚተኙበት መደብ። ገበያም ላይ ነጋዴ መደብ አለው፤ መደቤን ወሰደብኝ ብሎ ይካሰሳል። ልጃቸው ደግሞ ከራሱ ጨመረበት። መንግሥት በጀት ይመድባል። ሠራተኛ ይመደባል። በአብዮቱ ጊዜ የመደብ ትግል ሲባል ነበር። አንድ መቀመጫ፣ ገበያ፣ ገንዘብ፣ ማዕረግ። የጣሊያኑ አግዳሚ ከሄደበት መንገድ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ነገር ነው።

28ኛው ወዲያው መደብርንም አምጥቶ ጨመረ። እዚህ ላይ የዳንግላው ሰው ተነሳ። አሁን የእንካውን ሰው የተቃወምንበትን ጥፋት ራሳችን ልንሠራ ነው አለ። መመደብና መደብ ሥራቸውም ትርጉማቸውም ይያያዛል፤ መደብር ግን ስለገጠመ ብቻ አይጎተትም፣ ማስረጃ ይምጣ። ይሄን ያለው በወገኑ ላይ ነው። ለዚህ አከበርኩት።

ሌላው ሀብታም መልስ የመጣው ከአንድ የውሃ ባለሙያ ነው፤ 30ኛው። የወንዝ ባንክ ከተነሳ ሥራዬን ልንገራችሁ አለ። በወንዝ ሥራ ላይ ቀኝና ግራ ዳር የሚባለው ሰውየው በቆመበት አይደለም። ፊትህን ውሃው ወደሚወርድበት ታዞራለህ፤ በቀኝህ ያለው ቀኝ ዳር ነው፣ በግራህ ያለው ግራ። የህዳሴው ግድብ ኃይል ማመንጫ ቤቶች የቀኙና የግራው ተብለው የሚጠሩት በዚሁ ልማድ ነው። አሁን አባይን ከጣና ጀምራችሁ ተከተሉት። ከባሕር ዳር ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፣ ወደ ደቡብ ይጠመዘዛል፣ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል፣ ከዚያ ወደ ሱዳን። ሁሌም ወደ ቀኝ ነው የሚታጠፈው። ጎጃም ደግሞ በእቅፉ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከጣና መውጫ እስከ ደጀን፣ ከደጀንም ወደ ታች፣ ጎጃም ያለው በቀኝ ዳር ነው።

ይሄን ስንቶቻችን አስበነው እናውቃለን? አባይ ጎጃምን ይከባል ሲባል ሰምተናል። ቀኝ ዳር ነን ያለን ሰው ግን አልነበረም።

ክሩ ፈነዳ። የባሕር ዳሮቹ ከተማቸውን ለሁለት ከፈሉ። አሮጌው ከተማ ቀኝ ዳር፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ዘንዘልማ ያለው ግራ ዳር። ግንቦት 2016 ዓ.ም. ስለተመረቀው 380 ሜትር ድልድይ ሁለት ሦስት ሰው አወራ፤ ስለ መብራቱ፣ ማታ ማታ ፎቶ ስለሚነሳበት ሰው። 32ኛው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ለኔ ደጀን ላይ ዳር የሚባል ነገር የለም አለ፤ አፋፍ ነው ያለው። ቁልቁለቱን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርደህ ውሃው ጋ ስትደርስ ያኔ ዳር በለው። ሸጋ አስተውሎት ነው። እንግሊዝኛ በአንዱ ባንክ የሚጠራውን አማርኛ ዳር፣ ዳርቻ፣ አፋፍ እያለ ይለያየዋል።

33ኛው ከጎሐ ጽዮን ነው፤ ከወዲያ ማዶ። በእናንተ ስሌት እኛ ግራ ነን ማለት ነው አለ። አዎ ተባለ። ለካ ዕድሜ ልካችንን ግራ የገባን ለዚህ ነው ብሎ መለሰ። ከዚህ በኋላ ያለው ሳቅ ብቻ ነው፤ እዘለዋለሁ።

በሳቁ መሐል 35ኛው ቁም ነገር ይዞ ነበር፤ ብዙ ሰው ሳያየው አለፈ። እኛ አገር የመጀመሪያው ባንክ በምኒልክ ዘመን በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲንያ ባንክ መሆኑን አስታወሰ። የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነበር የሚያስተዳድረው። አንዱ ዛሬ ያለው አቢሲንያ ባንክ መቶ ዓመት አልፎታል ማለት ነው ብሎ ተደነቀ። አይደለም ተባለ። የድሮው በ1931 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በኢትዮጵያ ባንክ ተተክቷል፤ የዛሬው ስሙን የወሰደ ሌላ የግል ባንክ ነው።

መምህሩ 37ኛው ላይ ተመልሶ ሁሉንም አመሰገነ። ክፍል ሲገባ ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ መደብ እንደሚስል ነገራቸው። ከመደቡ አንድ መስመር ወደ ጣሊያን፣ አንድ መስመር ወደ ወንዝ። ጎበዝ። አንድ ሰው ውጤቱን ለተማሪው ምን ያህል ሰጠኸው ብሎ ሲጠይቀው ዝም አለ። መምህር ነዋ።

መጨረሻ ላይ የጻፈው ሰው ስለ ባንክ አይደለም ያነሳው። በ1989 እንደ አውሮፓውያኑ የወጣው ሁለተኛው የኦክስፎርድ ታላቁ መዝገበ ቃላት እትም ረጅሙን ማብራሪያ የሰጠው ለእንግሊዝኛው «ሴት» ነው፤ ማስቀመጥ ለሚለው ቃል። ከ400 በላይ ፍች አለው። የማንመለስበት ጫካ ስለሆነ እሱን እንተወው አለ። ግን ቀኝ ዳር ካላችሁ አይቀር፣ እንግሊዝኛ ለቀኝ እጅም፣ ለትክክልም፣ ለመብትም «ራይት» የሚለው ለምንድን ነው? አስተባባሪው ይሄ ራሱን የቻለ ክር ይፈልጋል ብሎ አዲስ ከፈተ። ገብቼ አየሁት። የመጀመሪያውን መልስ የሰጠው ያው የእንካው ሰውዬ ነው።